ቆማ የምትከርም መኪና

ሰኔ አልቆ ሐምሌ ሲገባ በየማሠልጠኛው ግቢና በየመምህሩ ቤት ጓሮ አንድ ነገር በየዓመቱ ይደጋገማል። አሠልጣኙ ለክረምት ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል፤ ወይም ቤተሰብ ሊጠይቅ አገሩ ይገባል። መኪናዋ ግን ሲሬ ትቀራለች። ቤንዚኑ ውድ ነው፣ ከዋናው አስፋልት ወጣ ሲባል ደግሞ ጭቃው እስከ ቸርኬ ይደርሳል፤ ስለዚህ ይዟት ቢሄድ አያዋጣውም። በላስቲክ ትጠቀለላለች፣ መስታወቷ ጥርቅም ይደረጋል፣ የእጅ ፍሬኗ ተስቦ ይያዛል፣ ከዚያ «በይ ደህና ክረሚ» ትባላለች።

መስከረም ላይ ላስቲኩ ሲገለጥ የሚታየውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ወንበሩ ላይ ነጭ ሻጋታ በቅሏል። ባትሪው ቁልፍ ሲዞር «ጭጭ» ይላል። ሞተሩ በግፊ ቢነሣ እንኳ የኋላው ጎማ አልዞርም ብሎ ይጎተታል። የሚገርመው ይኸ ሁሉ የደረሰው በቸልታ አይደለም፤ አብዛኛው የደረሰው «ተጠንቅቀን ሸፈንናት» በተባለው ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ይኸንኑ ነው፤ በእኛ አገር ክረምት መኪናን የሚጎዳት ከላይ የሚወርደው ዝናብ ሳይሆን ገብቶ መውጫ ያጣው እርጥበት ነው።

«እኛ ዕጩ መምህራን መኪና ከየት አምጥተን ነው?» የሚል ሠልጣኝ እንደሚኖር እናውቃለን። እውነቱን ነው። ነገር ግን ነገ በሚመደብበት ትምህርት ቤት አንድ ሞተር ብስክሌት ወይም አንድ ጄነሬተር ሊኖር ይችላል፤ ቁልፉም ብዙውን ጊዜ ለአዲሱ ወጣት መምህር ነው የሚሰጠው። ለማስተማር ልምምድ ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች ስንወጣ ተቆጣጣሪ መምህሮቻችንን የምታደርሰው መኪናም ክረምቱን ቆማ የምትከርም ናት። ከዚህ ሌላ፣ ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ማድረጉ የሚታወስ ነው። በየግቢው የቆመችው አሮጌ ቶዮታ ወይም ቮልስ እንደ ቀድሞው በቀላሉ የምትተካ አይደለችም ማለት ነው። ቮልስማ ፋብሪካዋም የለም፤ የመጨረሻዋ በሜክሲኮ አገር፣ ፑዌብላ ከተማ የተሠራችው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ነበር።

ከመኪና ጋር የሚመጣውን የመመሪያ መጽሐፍ ከፍቶ «ክረምት» የሚለውን ያነበበ ሰው ግራ መጋባቱ አይቀርም። መጽሐፉ የተጻፈው ውሃ ለሚረጋበት አገር ነው። ራዲያተር ውስጥ ውሃው በረዶ ሆኖ እንዳይሰነጥቀው ምን እንደሚጨመር፣ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ላሜራውን እንዳይበላው ምን እንደሚደረግ ይዘረዝራል። እዚህ በረዶም የለም፣ የመንገድ ጨውም የለም። ጎረቤታችን ባኮ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል 1,650 ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል። ወደ ነቀምቴ ከፍ ሲባል ዝናቡ ከዚህም ይበዛል። የዝናቡ ወራት ደግሞ ረጅም ናቸው፤ በአቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው ይባል እንጂ ወለጋ ውስጥ ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት መዳረሻ ምድሩ አይደርቅም። የነጮቹ መጽሐፍ ስለ ብርድ ይናገራል፤ የኛ ችግር እርጥበት ነው። ስለዚህ ከመጽሐፉ የሚጠቅመንን መርጠን መውሰድ አለብን።

የቆርቆሮ ቤት የኖረ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ዝናብ ባልጣለበት ሌሊት እንኳ ሲነጋጋ ቆርቆሮው ከውስጥ በኩል ያንጠባጥባል። ቆርቆሮው አልበሳም። በቤቱ ውስጥ ያለው ሞቃትና እርጥብ አየር ሌሊት የቀዘቀዘውን ብረት ሲነካ በአየሩ ውስጥ የነበረው የውሃ ተን ወደ ጠብታነት ይለወጣል። መኪናም እኮ ባለ መስኮት የቆርቆሮ ቤት ናት። በላስቲክ ስትጠቀለል ከመሬት የሚነሣው እርጥበት በላስቲኩና በላሜራው መካከል ይታሰራል፤ ሌሊት ጠል ይሆናል፣ ቀን ይተናል፣ ማታ እንደገና ጠል ይሆናል። ሦስት ወር ሙሉ ላሜራዋን በእንፋሎት እንደ ማጠን ያለ ነገር ነው።

ብረት የሚዝገው ውሃ ውስጥ ሲዘፈቅ ብቻ እንዳይመስለን። በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት አየሩ ሊሸከም ከሚችለው 60 ከመቶ ገደማ ሲያልፍ፣ ጠብታ በዓይን ባይታይም፣ ዝገት በፍጥነት መጨመር ይጀምራል። ሻጋታ ደግሞ ከ70 እስከ 80 ከመቶ ሲደርስ ይመቸዋል። (ይኸን ክፍል ለማስተማር ሦስት ምስማርና ሦስት ብልቃጥ ይበቃል። አንዱን ምስማር ደረቅ ብልቃጥ ውስጥ ከድኖ፣ ሁለተኛውን ግማሹን ውሃ ውስጥ አድርጎ ክፍቱን፣ ሦስተኛውን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አጥልቆ ላዩን በዘይት መሸፈን ነው። ከሳምንት በኋላ ሁለተኛው ዝጎ ይገኛል፤ ሦስተኛው ውሃ ውስጥ እያለ እምብዛም አይዝግም፣ ውሃው ሲፈላ ኦክስጅኑ ወጥቷልና። ዝገት ውሃም አየርም ይፈልጋል። በልምምድ ጊዜ ሞክሩት፤ ተማሪ ይወደዋል።)

ታዲያ ውሃው ወደ መኪናዋ የሚገባው በየት በኩል ነው? እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት እንሥራ። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 17 ግራም ገደማ የውሃ ተን ይሸከማል። የአንዲት ትንሽ መኪና ውስጥ 3 ሜትር ኩብ ነው ብንል ጠቅላላ ውሃው 51 ግራም ይሆናል፤ አንድ ሲኒ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ መስከረም ላይ ምንጣፉ ሥር የምናገኘው ጆግ ሙሉ ውሃ ከታሰረው አየር የመጣ ሊሆን አይችልም። የመጣው በተሰነጠቀ የበር ጎማና ከፊት መስታወቱ ሥር ነው፤ ወይም ሰኔ ላይ በጫማችን አስገብተን ሳናደርቀው የዘጋንበት ነው። እርጥብ አየር የሚሠራው ሥራ ይኸ ውሃ እንዳይደርቅ መከልከል ነው።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። መኪናዋ ከመቆሟ በፊት ፀሐይ ያለበት ቀን ተመርጦ ምንጣፎቹ በሙሉ ይወጣሉ፣ ከሥራቸው ያለው ስፖንጅ በእጅ ተጨምቆ ይታያል፣ አራቱም በር ተከፍቶ ትውላለች። ሰኔ ላይ እንዲህ ያለ ቀን ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ግንቦት ላይ ካገኛችሁ አትለፉት። ምንጣፉን ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ መኪናዋ ውስጥ መልሶ ማንጠፍ አያስፈልግም። አንዳንድ ሰው እርጥበት ይመጥልኛል ብሎ ጨው በሳህን ያስቀምጣል። ጨው እርጥበት መሳቡስ እውነት ነው፤ ነገር ግን ስቦ ስቦ ራሱ ውሃ ይሆናል። ያ የጨው ውሃ ወለሉ ላይ ከፈሰሰ አለቀ፤ የፈረንጆቹን የመንገድ ጨው በገዛ እጃችን አስገባነው ማለት ነው። ከሰል ሽታውን ይቀንሳል፣ እርጥበቱን ግን ብዙ አይነካውም። ከሁሉ የሚሻለው በጥላ ሥር ከሆነች መስታወቶቹን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርጎ አየር እንዲመላለስ መተው ነው። ክፍተቱን በወንፊት ሽቦ መሸፈን ይቻላል፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ጥላው የቆርቆሮ ጣሪያ ሆኖ ጎንና ጎኑ ክፍት ቢሆን ይመረጣል። ግድግዳ ያለው ጋራዥ ያለው ሰው ያመስግን፤ ግን በሩን አንዳንድ ቀን ይክፈተው። ጣሪያ ከሌለ ላስቲክ ሳይሆን የሚተነፍስ የሸራ ጨርቅ ነው የሚሻለው፤ እሱም ከላሜራው ላይ በቀጥታ ከሚያርፍ በአራት ቋሚ እንጨት ተወጥሮ ቢቆም ይመረጣል። ምንም ከሌለስ? ከላስቲክ ጥቅልል ይልቅ ሜዳ ላይ ራቁቷን ዝናብ ቢመታት እኛ እንመርጣለን። ዝናብ መትቷት ነፋስ ያደርቃታል። የታሰረ እርጥበት ግን ሌሊትና ቀን አይለቃትም።

ሣር ላይ አታቁሙ። ሣሩ ሲያድግ የመኪናዋን ሆድ ይነካል፣ ጠዋት ጠዋትም እርጥብ ፎጣ ይሆንባታል። ገረጋንቲ ወይም ጠጠር ተነጥፎ፣ ውሃ የሚወርድበት ቦይ በዙሪያው ቢቆፈር ጥሩ ነው። ጎማው እንዳይጎዳ በክሪክ አንሥቶ በአራት ግንድ ላይ ማስቀመጥ በአንዳንድ መጽሐፍ ይመከራል። ኧረ በወለጋ ምድር ግንድ! ምስጥ ባህር ዛፉን ከውስጥ በልቶ ቅርፊቱን ብቻ ሲያስቀር ከውጭ ለሚያየው ሰው ደህና ግንድ ነው የሚመስለው። ሦስት ወር ለምስጥ ብዙ ጊዜ ነው። አንድ ሰው መስከረም ላይ ዘይት ሊያይ ከሥሯ ቢገባስ? መነሣት ካለባት በጥርብ ድንጋይ ላይ ትነሣ፤ ድንጋይ ከሌለ መሬት ላይ በጎማዋ ትቁም። ጎማውን በሚመለከት ጎሚስታው 28 ወይም 30 የሚሞላውን ወደ 35 ከፍ ማስደረግ ይበቃል፤ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ መጠን ግን አይለፍ። በወር አንድ ጊዜ ሩብ ዙር ያህል ገፋ ማድረግ ከተቻለ በአንድ ወገን አይጎብጥም።

ስለ ቀዩ አፈራችን አንድ ቃል። በፓራፋንጎ ውስጥ የተለጠፈው የሲሬ ጭቃ ከላይ የደረቀ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ለሳምንታት እርጥብ ነው። ላሜራው ተበስቶ ስቱኮ የሚለጠፍበት ቦታ ሁልጊዜ ከዚያ የሚጀምረው ለዚህ ነው። ከመቆሟ በፊት ላይዋን ሳይሆን ሆዷን እጠቡ። በበሮቹ ታችኛ ጫፍ ውሃ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ በጭቃ ተደፍነው ስለሚገኙ በስንጥር መክፈት ነው። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፣ የሚያድነው ግን ሙሉ በር ነው።

አሁን ወደ ባትሪ እንምጣ፤ ክርክሩም የሚበዛው እዚህ ላይ ነው።

የተለመደው ባትሪ በውስጡ ሁለት ዓይነት ሰሌዳ አለው፤ አንዱ እርሳስ፣ ሌላው የእርሳስ ኦክሳይድ ነው። (እርሳስ ስንል ብረቱን ማለታችን ነው፤ የምንጽፍበት እርሳስ ውስጥ ያለው እርሳስ ሳይሆን ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ነው። ተማሪ መጠየቁ አይቀርም።) በመካከላቸው የሰልፈሪክ አሲድ ውሃ አለ። ባትሪው ሲሠራ የአሲዱ ሰልፌት ወደ ሁለቱም ሰሌዳ እየገባ የእርሳስ ሰልፌት ይሆናል፣ የቀረውም ፈሳሽ ወደ ውሃነት ይቀጥናል። ቻርጅ ሲደረግ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ችግሩ ቶሎ ካልተመለሰ ነው። የእርሳስ ሰልፌቱ መጀመሪያ ደቃቅ ነው፤ ሳምንታት ሲያልፉ ግን እንደ ቆየ የማር ስኳር እየረጋና እየጠጠረ ይሄዳል። ያን ጊዜ ቻርጀር ቢገጠምለትም አይሟሟም። «ባትሪው ሞተ» የሚባለው ይኸ ነው። ስለዚህ ባትሪን የሚገድለው ባዶ መሆኑ ሳይሆን ባዶ ሆኖ መቆየቱ ነው።

ባዶ የሚያደርገውስ ማነው? ባትሪ ማንም ሳይነካው በራሱ ይደክማል፤ አሮጌው ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት በወር አንድ አሥረኛውን ያህል ቢያጣ አይገርምም። ሰዓትና ማንቂያ ደወል ያላት መኪና ደግሞ ቆማም ትበላለች። ለስሌት ያህል 50 ሚሊ አምፔር ብቻ ትጎትታለች እንበል። በ24 ሰዓት 1.2 አምፔር ሰዓት ነው። 45 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ37 ቀን ተሟጠጠ። ሐምሌ 1 ቀን የቆመች መኪና ነሐሴ አጋማሽ ሳይደርስ ባዶ ናት፤ መስከረም እስኪመጣ ደግሞ ሰልፌቱ ይጠጥራል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ባትሪውን ፈትቶ ቤት ማስገባት። ሲፈታ መጀመሪያ የሚወልቀው የኔጋቲቩ (−) ገመድ ነው። ለምን ቢባል፣ ኔጋቲቩ ከመኪናዋ አካል ጋር የተገናኘ ስለሆነ ፖዘቲቩን ቀድመን ስንፈታ ቁልፉ ድንገት ላሜራ ቢነካ ብልጭታ ይነሣል፣ ባትሪም ከሚያወጣው ጋዝ የተነሣ ሊፈነዳ ይችላል። ሲገጠም ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ኔጋቲቩ መጨረሻ ነው። «ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጠው፣ መሬቱ ይስበዋል» የሚባለው ስለ አሁኖቹ የፕላስቲክ ባትሪዎች እውነት አይደለም። መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ግን ልጆችም አይደርሱበት፣ ለኛም ለመለካት ይመቻል። ሞልቶ ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.4 ሲደርስ ቻርጅ ማድረጊያው ጊዜ ነው፤ 12 ላይ ከወረደ ዘግይተናል። የኛ ክፍል ላቦራቶሪ ያለው ቮልትሜትር ለዚህ በቂ ነው። በወር አንድ ጊዜ ወደ ከተማ ወስዶ ቻርጅ ማስደረግ፣ ውሃው ከጎደለም የተጣራ ውሃ መጨመር ነው። ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ አይሆንም፤ የቆርቆሮውን ዚንክና አቧራ አጥቦ ነው የሚመጣው።

ብዙ ሰው ግን ይኸን ትቶ ለዘበኛው ቁልፍ ይሰጥና «በሳምንት አንዴ አሙቃት» ይላል። ዘበኛውም ቅዳሜ ጠዋት አሥር ደቂቃ አስነሥቶ ያጠፋታል። ይኸን ልማድ አጥብቀን እንቃወማለን፤ ምክንያቱም ኬሚስትሪ ነው። ቤንዚን ሲቃጠል ከሚወጣው አንዱ ውሃ ነው። ቤንዚንን በኦክቴን እንወክለውና እናስላ፤ 114 ግራም ኦክቴን ሲቃጠል 162 ግራም ውሃ ይሰጣል። አንድ ሊትር ቤንዚን 740 ግራም ያህል ይመዝናልና ከእሱ የሚወጣው ውሃ ከአንድ ሊትር ጥቂት ይበልጣል! መንገድ ላይ ስንሄድ ሞተሩም ማርሚታውም ስለሚግሉ ውሃው ተን ሆኖ ይወጣል። በአሥር ደቂቃ ቆማ ስትሞቅ ግን ማርሚታው በውል ሳይግል ትጠፋለች። ወደ አንድ አሥረኛ ሊትር የሚጠጋ ነዳጅ ቢቃጠል ያንኑ የሚያህል ውሃ ነው የተፈጠረው፤ ከሱም ጥቂት የማይባለው ማርሚታው ውስጥ ይጠራቀማል፣ ጥቂቱም ከሞተሩ ዘይት ጋር ይቀላቀላል። የጠዋት ማስነሻው ሞቶሪኖ የወሰደውን ኃይልም በዝግታ የሚዞር ዲናሞ አሟልቶ አይመልሰውም። በአሥራ ሁለት ቅዳሜ አሥራ ሁለት ጊዜ ውሃ አጠጣናት ማለት ነው። ወይ እስከ አኖ ድረስ ነድቶ ደህና አድርጎ አግሎ መመለስ፣ ወይ ጭራሹን አለመንካት። መካከለኛ መንገድ የለውም። (በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ማስነሣትማ ሰው ይገድላል፤ የጭሱ መርዝ ሽታ የለውም።) የሞተሩን ዘይት ከመቆሟ በፊት መቀየር ይሻላል፣ አሮጌው ዘይት አሲድ ይዟልና። «መስከረም ላይ እቀይረዋለሁ» የሚለው ቁጠባ ብረቱን ሦስት ወር አሲድ ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

የነዳጅ ታንከሩን በሚመለከት «ጎዶሎ ከሆነ አየሩ ውሃ ይሆንና ታንከሩ ይሞላል» ሲባል እንሰማለን። ከላይ የሠራነውን ስሌት እንጠቀም። ባዶው ቦታ 20 ሊትር ቢሆን አየሩ የሚይዘው ውሃ ከግራም ሲሶ አያልፍም። ቀን ሲሞቅ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ታንከሩ የሚተነፍሰው አየርም ከዚህ ጥቂቱን ነው፤ ሦስት ወር ቢደመር ጥቂት ግራም ብቻ ነው የሚሆነው። ታንከር ውስጥ የሚገኘው ብዙ ውሃ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከተቀደደ ክዳን ጎማ ወይም ከበርሜል ከተገዛ ቤንዚን ነው። ክዳኑን ማየት ነው እንግዲህ። እንደዚያም ሆኖ ሞልቶ ማቆሙ ይጠቅማል፤ የቤንዚኑ ቀላል ክፍል ቶሎ አይተንም፣ መስከረም ላይም በቀላሉ ይያዛል። ካርቡራተር ያላት መኪና ከሆነች ካርቡራተሩን ባዶ አድርጎ ማቆም ሙጫ የመሰለው ዝቃጭ ቀዳዳዎቹን እንዳይደፍን ያደርጋል።

ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ይኸ ደግሞ ከአካባቢያችን ጋር ግንኙነት ያለው ታሪክ ነው፤ በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ያለው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከስኳሩ ተረፈ ምርት ኤታኖል ያመርት ስለነበር በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ 5 ከመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 ከመቶ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ ነበር። ኤታኖል ውሃ ይወዳል። ጥቂቱን ይዞ ከቤንዚኑ ጋር ያቃጥለዋል፣ ያ ጥሩ ነው፤ ከበዛ ግን ኤታኖሉም ውሃውም ከቤንዚኑ ተለይተው ወደ ታች ይዘቅጣሉ፣ ሞተሩም መጀመሪያ የሚጠጣው ያንን ነው። በናፍጣ መኪና ደግሞ ውሃና ናፍጣ በሚገናኙበት ላይ ጥቃቅን ነፍሳት ይራባሉ፤ ጥቁር ዝልግልግ ነገር ሠርተው ፊልትሮውን ይደፍናሉ። የናፍጣ ፊልትሮ ሥር ያለችውን የውሃ ማፍሰሻ ቡሎን ከመቆሟ በፊትም ከቆመች በኋላም መክፈት ነው።

ፍሬን ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ባትሪ ቢሞት መኪናዋ ትቆማለች፣ ፍሬን ቢሞት ግን አትቆምም። የእጅ ፍሬኑን ስበን ስንተዋት የኋላው የፍሬን ሸራ ታምቡሩ ላይ ተጫንቆ ይከርማል፤ በመካከላቸው የሚገባው ዝገትም ያጣብቃቸዋል። ስለዚህ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ፣ ማርሽ ይግባ፣ ጎማው በፊትም በኋላም በድንጋይ ይደገፍ።

የፍሬን ዘይቱ ደግሞ ከአየር ውሃ የሚስብ ፈሳሽ ነው። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ሆኖ ነው የሚሠራው። 3.7 ከመቶ ያህል ውሃ ሲጠጣ ግን መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ሲሬ ከተማ ውስጥ ይኸ ልዩነት አይታወቅም፤ ፔዳሉ ደህና ነው የሚመስለው። የሚታወቀው ከአዲስ አበባ ስንመለስ፣ ጌዶን አልፈን ወደ ባኮ ስንወርድ ነው። ፍሬን ተደጋግሞ ሲረገጥ ብረቱ ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ አረፋው ውስጥ ተን ይገባል። ፈሳሽ ግፊት ያስተላልፋል፣ ተን ግን ይጨመቃል፤ ፔዳሉ እስከ ወለል ሲሄድ መኪናዋ አትይዝም። ስንሄድ ዳገት ስለሆነ ምንም አይሰማንም፣ የሚያጋልጠን መልሱ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መኪናዋ ሰው ሞልታለች። የፍሬን ዘይት በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ መለወጥ አለበት። «ጎድሏልና ጨምርበት» ማለት መለወጥ አይደለም። ተከፍቶ የከረመ ጣሳም አይጨመር፤ ጣሳው ውስጥ ሆኖም ውሃ ሲስብ ነው የከረመው።

ወደ ዓይጥ እንመለስ። በበቆሎ አገር፣ እሸቱ ሳይደርስ፣ የራበው ዓይጥ ደረቅና ጸጥ ያለ ቤት ሲፈልግ ከመኪና ሞተር የሚሻል የለውም። ሽቦ ይቆረጥማል፣ በአየር ፊልትሮው ውስጥ ጎጆ ይሠራል። መኪናዋ ውስጥ አንዲት የበቆሎ ፍሬ እንኳ አትቅር። የአየር መግቢያውን በወንፊት ሽቦ፣ የማርሚታውን አፍ በጨርቅ መድፈን ነው፤ ግን የተደፈነውን ሁሉ በወረቀት ጽፎ መሪው ላይ ማሰር ያስፈልጋል፤ መስከረም ላይ የሚያስነሣት ሌላ ሰው ሊሆን ይችላልና። ኮፈኑን በየሳምንቱ ከፍቶ መዝጋት ብቻውን ዓይጡን ያውከዋል። ዘበኛውን የምናዘው ነገር ካለ ከማሞቅ ይልቅ ይኸን ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላቸው በጣም ጥቂት ቢሆኑም ሁለት ነገር እንበል። ትልቁ የሊቲየም ባትሪ ሞልቶም ባዶ ሆኖም መክረም አይወድም፤ ግማሽ ገደማ ላይ ማቆም ነው። እነሱም ቢሆኑ አብዛኞቹ ትንሿን 12 ቮልት ባትሪ ይዘዋል፤ እሷ ስትደክም መኪናዋ በሯን እንኳ አልከፍትም ልትል ትችላለች።

መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ብራ ሲሆን (በኦሮምኛም «ብራ» የዚሁ ወቅት ስም ነው) ሮጦ ቁልፍ ማዞር የለም። መጀመሪያ መሪው ላይ ያለው ወረቀት ይነበባል፣ የተደፈነው ሁሉ ይከፈታል። የዘይቱ መለኪያ ይወጣል፤ ዘይቱ ወተት እንደ ተጨመረበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶታልና ሳይለወጥ አትነሣም። ከመኪናዋ ሥር ጎንበስ ተብሎ የፈሰሰ ነገር ይፈለጋል። የፍሬን ፔዳል ሞተሩ ሳይነሣ አሥር ጊዜ ያህል ይረገጣል፤ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ከግቢ አትወጣም። ጎማው ወደ ተለመደው ንፋስ ይመለሳል። ከዚያ ባትሪው ይገጠማል፣ ትነሣለች፣ ግቢ ውስጥ በአንደኛ ማርሽ እየሄደች ሦስት አራት ጊዜ ትያዛለች። መጀመሪያ ላይ ታምቡሩ መንቋቋቱ አያስደንግጥ፣ የላይ ላዩ ዝገት ሲፋቅ ነው። አስፋልት ላይ አራት አምስት ኪሎ ሜትር ሄዶ፣ ፍሬን ብዙም ሳይረግጡ፣ ዳር ይዞ ማቆምና የእጅን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ጠጋ ማድረግ ነው። አራቱም እኩል ለብ ካሉ ጥሩ ነው። አንዱ ብቻ ከግሎ ሸራው ተጣብቆ እየያዘ ነውና፣ ወደ ነቀምቴም ሆነ ወደ አዲስ አበባ ከመሄድ በፊት የዚያ ጎማ ታምቡር ይከፈታል።